የጉምሩክ ቦንድ፦ ዕቃ ወደ አሜሪካ ከማስጫናችሁ በፊት የትኛውን እንደምትገዙ ወስኑ

ኮንቴይነሩ ባልቲሞር ወርዷል። ኢንቮይሱ አለ፣ ፓኪንግ ሊስቱ አለ፣ ቢል ኦፍ ሎዲንጉም ደርሷል። መጋዘኑ ተጠርጎ ይጠብቃል። ብሮከሩ፣ ማለትም የጉምሩክ ወረቀታችሁን የሚጨርስላችሁ ባለፈቃድ፣ ደውሎ «ቦንዳችሁ የትኛው ነው?» ሲል ግን ዝምታ ይሆናል። ብዙ አዲስ አስመጪ የጉምሩክ ቦንድ የሚባለውን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚህች ሰዓት ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ጥድፊያ ነው። የተገኘው ቦንድ፣ በተባለው ዋጋ፣ ሳይነበብ ይፈረማል።

የአስመጪዎችን ወረቀት መሥራት የየቀን ሥራዬ ነው። ሰው አቅራቢ ለመምረጥ ወራት ይፈጅበታል። ናሙና ያስልካል፣ ዋጋ ይከራከራል። ቦንዱን ግን በአንድ የስልክ ጥሪ ይጨርሰዋል። ይህ ያሳስበኛል፤ ዕቃው ተሽጦ ካለቀ በኋላ እንኳ ያ ፊርማ አብሯችሁ ይቆያልና። ምርጫውን ዕቃው ከመጫኑ በፊት፣ ቁጭ ብላችሁ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ እንድትጨርሱ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት፦ ቦንድ ማለት ዋስ ነው

ቦንድ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የህዳሴ ግድብ ቦንድ ነው። እሱ ብድር ነው፤ ገንዘባችሁን ከነወለዱ ትቀበላላችሁ። የጉምሩክ ቦንድ ሌላ ነገር ነው። እሱን ለመረዳት አገር ቤት ገንዘብ ያዥ ሲቀጠር «ዋስ አምጣ» የሚባለውን አስቡ። ገንዘብ ከጎደለ መሥሪያ ቤቱ ዋሱን ይይዛል። ዋሱ ይከፍላል። ከዚያ ያን ገንዘብ ከማን እንደሚጠይቅ ሁላችንም እናውቃለን።

እዚህም ሦስት ወገኖች አሉ። አንዱ እናንተ፣ አስመጪዎቹ ናችሁ። ሁለተኛው ዋስ የሚሆነው የዋስትና ኩባንያ ነው። ሦስተኛው ዋስትናው የሚገባለት የአሜሪካ የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ፣ በአጭሩ ሲቢፒ ነው። ቀረጡን፣ ታክሱንና ክፍያዎቹን በጊዜው ለመክፈል ቃል ትገባላችሁ። ሰነድ በጊዜው ለማቅረብም ቃል ትገባላችሁ። ጉምሩክ «ያን ዕቃ መልሱ» ካለ ለመመለስም እንዲሁ። ቃሉ ከታጠፈ ሲቢፒ ዋሱን ይጠይቃል፤ ዋሱ ከፍሎ ወደ እናንተ ይዞራል።

ስለዚህ ቦንዱ ኢንሹራንስ አይደለም። ዕቃችሁ ቢሰበር፣ ቢሰምጥ ወይም ቢሰረቅ አንድ ሳንቲም አይከፍላችሁም። ለእሱ የጭነት ኢንሹራንስ ለብቻው ይገዛል። ለቦንዱ የምትከፍሉት ፕሪሚየምም ከቀረጡ ላይ አይቀነስም። የዋሱ የድካም ዋጋ ነው።

1ኛ. ቦንድ ያስፈልጋችሁ እንደሆነ አረጋግጡ

ለንግድ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ከ2,500 ዶላር ካለፈ ፎርማል ኢንትሪ የሚባለው ሙሉ የጉምሩክ ሥርዓት ይደረግለታል። ያ ደግሞ ያለ ቦንድ አይሆንም። ከዚያ በታች ያለው አብዛኛውን ጊዜ በቀላሉ ይስተናገዳል። ነገር ግን ዋጋው ትንሽ ቢሆንም ቦንድ የሚጠየቅበት ዕቃ አለ። ኮታ ያለበት ወይም የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ፣ ማለትም ከተገቢው ዋጋ በታች በሚሸጥ የውጭ ዕቃ ላይ የሚጨመር ቀረጥ፣ የተጣለበት ዕቃ ከእነዚህ ነው።

«በትንሽ በትንሹ ከፋፍዬ ባስገባውስ?» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። አታድርጉት። ጉምሩክ የአንድ ግዢ ቁርጥራጮችን ደምሮ እንደ አንድ ጭነት ማየት ይችላል። በዚያ ላይ ከ800 ዶላር በታች ላለ ጭነት ይሰጥ የነበረው ከቀረጥ ነፃ መብት ከነሐሴ 2025 መጨረሻ ጀምሮ ለሁሉም አገር ታግዷል። የድሮው ብልሃት ዛሬ አይሠራም።

አንድ ነገር ላስምርበት። ቀረጡ ዜሮ ስለሆነ ቦንድ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ጥሬ ቡና በመደበኛው የአሜሪካ ታሪፍ ቀረጥ የለበትም። ሆኖም 30,000 ዶላር የሚያወጣ ቡና ያለ ቦንድ ከወደብ አይወጣም። ቦንዱ የሚይዘው ቀረጡን ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ግዴታዎቻችሁንም ነው።

2ኛ. አስመጪው ማን ነው?

በሰነዱ ላይ የአስመጪነት ኃላፊነት የሚወስድ አንድ ስም አለ። የዕቃው ባለቤት ወይም ገዢ ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ የወከለው ፈቃድ ያለው ብሮከርም ሊሆን ይችላል። ቦንዱ መኖር ያለበት በዚህ ስም ነው።

አንዳንድ ብሮከር «ግድ የለም፣ በእኔ ቦንድ እናስገባው» ይላል። ለአንድ ቀላል ጭነት ሊያዋጣ ይችላል። ግን እሱም ዋጋ ያስከፍላችኋል። የእናንተ የአስመጪነት ታሪክም በስማችሁ አይመዘገብም። ሥራውን ለመቀጠል ካሰባችሁ በራሳችሁ ስም ጀምሩ።

ሻጩ አዲስ አበባ ሆኖ «እቤታችሁ ድረስ አደርሳለሁ፣ ቀረጡም በእኔ ነው» ካለ ደግሞ ጥያቄው ይለወጣል። የውጭ ኩባንያ በአሜሪካ አስመጪ መሆን ይችላል። ነገር ግን ዕቃው በሚገባበት ግዛት የሚኖር ሕጋዊ ወኪል ያስፈልገዋል። ቦንዱን የሚጽፍለትም የአሜሪካ የዋስትና ኩባንያ መሆን አለበት። ዋሶችም ከአገር ውጭ ላለ ሰው ሲፈርሙ መያዣ መጠየቃቸው የተለመደ ነው። ሻጩ ይህን ማድረጉን ሳታረጋግጡ ውል አትፈርሙ። አለበለዚያ ዕቃው ወደብ ሲደርስ ሸክሙ እናንተው ላይ ይወድቃል።

3ኛ. አራት ቁጥሮችን ወረቀት ላይ ጻፉ

ምርጫው ከባድ የሚመስለው እነዚህን ሳይጽፉ ስለሚጀምሩት ነው።

በሚቀጥሉት 12 ወራት ስንት ጊዜ ታስገባላችሁ? ምኞታችሁን ሳይሆን ያዘዛችሁትንና ልታዝዙ የቆረጣችሁትን ጻፉ።

የእያንዳንዱ ጭነት ዋጋ ስንት ነው? ኢንቮይሱ ላይ ያለውን እውነተኛ ዋጋ ውሰዱ።

ቀረጡ፣ ታክሱና ክፍያው በዓመት ስንት ይሆናል? ብሮከራችሁ የታሪፍ ቁጥሩን፣ ማለትም ቀረጡ የሚወሰንበትን የዕቃውን መለያ ቁጥር፣ ያውጣላችሁ። ከቀረጡ ሌላ የሰነድ ማስተናገጃ ክፍያ አለ፤ የዕቃው ዋጋ 0.3464 በመቶ ነው። ዝቅተኛና ከፍተኛ ወለልና ጣሪያ ያለው ሲሆን መጠኑ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ይከለሳል። በባሕር የሚመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ 0.125 በመቶ የወደብ ጥገና ክፍያ ይጨመራል።

ከጉምሩክ ሌላ የሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት አለ? ምግብ፣ ቅመም፣ ቡና፣ መዋቢያ ወይም መድኃኒት ከሆነ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ያየዋል። መኪና ከሆነ የትራንስፖርትና የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቶች ያዩታል። ይህ አራተኛ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥ ሒሳቡን ይለውጣል። ብዙ ሰው ግን ይዘለዋል።

4ኛ. ሁለቱን ዓይነቶች አወዳድሩ

ሁለት ዓይነት ቦንድ አለ። የአንድ ጊዜ ቦንድ ለአንድ ጭነት፣ በአንድ ወደብ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ቀጣይ ቦንድ ደግሞ በአሜሪካ ወደቦች ሁሉ፣ ዓመቱን ሙሉ የምታስገቡትን ይሸፍናል። ዓመቱ ሲያልቅም በራሱ ይታደሳል።

የአንድ ጊዜ ቦንድ መጠን የዕቃው ዋጋ ከቀረጡ፣ ከታክሱና ከክፍያው ጋር ተደምሮ ነው። ለምሳሌ 12,000 ዶላር የሚያወጣ የቆዳ ቦርሳ አለ እንበል። ቀረጡና ክፍያው በድምሩ 1,500 ዶላር ነው ብንል ቦንዱ 13,500 ዶላር ይሆናል። ይህን አንድ ጊዜ ብቻ አምጥታችሁ የምትተዉ ከሆነ የአንድ ጊዜ ቦንድ በቂ ነው። ፕሪሚየሙም ከዓመቱ ያንሳል።

አሁን ወደ ቡናው እንመለስ። ቡና በኤፍዲኤ ሥር ነው። እንዲህ ላለ ዕቃ የአንድ ጊዜ ቦንድ መጠን የዕቃው ዋጋ ሦስት እጥፍ ነው። ለ30,000 ዶላር ቡና 90,000 ዶላር ማለት ነው። የቀጣይ ቦንድ ዝቅተኛ መጠን ግን 50,000 ዶላር ነው። አያችሁ? ለአንዲት ጭነት የሚጠየቀው ዋስትና ዓመቱን ሙሉ ከሚሸፍነው በልጦ ተገኘ። ፕሪሚየሙ የሚሰላው በቦንዱ መጠን ስለሆነ የምግብ ነጋዴ ሁለተኛ ጭነት ሲያስብ ቀጣይ ቦንዱ ከወዲሁ አዋጭ ይሆናል። አንዳንዴ ለመጀመሪያው ጭነትም ያዋጣል። በርበሬም ሽሮም የሚያመጡ ሰዎች «አንድ ጊዜ ልሞክረው» ብለው የአንድ ጊዜውን ሲገዙ ሳይ ሁልጊዜ አስቆማቸዋለሁ። መጀመሪያ ሁለቱንም ዋጋ ጠይቁ።

በቀጣይ ቦንድ ላይ መጠኑ የሚወጣው እንዲህ ነው። ባለፉት 12 ወራት የከፈላችሁት ቀረጥ፣ ታክስና ክፍያ ይደመራል፤ ከዚያ 10 በመቶው ይወሰዳል። እስከ 100,000 ዶላር ድረስ ወደሚቀጥለው 10,000 ከፍ ይደረጋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ወደሚቀጥለው 100,000 ከፍ ይላል። ከ50,000 ዶላር ግን አይወርድም። አዲስ ከሆናችሁ ያለፈ ታሪክ ስለሌላችሁ የመጪው ዓመት ግምታችሁ ይወሰዳል።

ሦስት ሰዎች እንውሰድ። አንዱ በዓመት 380,000 ዶላር ቀረጥና ክፍያ ይከፍላል። 10 በመቶው 38,000 ነው፤ ዝቅተኛው 50,000 ይበቃዋል። ሁለተኛው 640,000 ይከፍላል፤ 64,000 ይመጣና ወደ 70,000 ይጠጋል። ሦስተኛው 1,230,000 ይከፍላል። 123,000 ይመጣል፤ ቦንዱ ግን 200,000 ይሆናል። እንደምታዩት ጀማሪና መካከለኛ ነጋዴ ሁሉ ከሞላ ጎደል 50,000 ላይ ነው የሚያርፈው። ለ50,000 ዶላር ቦንድ የሚከፈለው ዓመታዊ ፕሪሚየም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት መቶ ዶላር የሚቆጠር ነው። ከሁለት ሦስት ቦታ ዋጋ ጠይቁ፤ ልዩነት አለው።

5ኛ. በባሕር ከሆነ የ24 ሰዓቱን ጉዳይ አትርሱ

በዚህ ነጥብ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና።

በመርከብ የሚመጣ ዕቃ መርከቡ ላይ ከመጫኑ 24 ሰዓት በፊት አስመጪው ለሲቢፒ የደህንነት መረጃ መላክ አለበት። አይኤስኤፍ ይባላል። ሥራ ላይ የዋለው በ2009 ነው። ከአስመጪው አሥር፣ ከመርከብ ድርጅቱ ሁለት መረጃ ስለሚጠየቅ «አሥር ሲደመር ሁለት» የሚሉትም አሉ። ሻጩ ማን ነው፣ ዕቃውን የሠራው ማን ነው፣ ኮንቴይነሩ የታሸገው የት ነው የሚሉት በውስጡ አሉ። ከዘገየ ወይም ከተሳሳተ በአንድ ጥፋት እስከ 5,000 ዶላር ሊጠየቅበት ይችላል። ይህ ግዴታም በቦንድ የሚጠበቅ ነው።

ቀጣይ ቦንድ ካላችሁ አይኤስኤፉንም ይሸፍናል፤ ሌላ አያስፈልግም። የአንድ ጊዜ ቦንድ ከሆነ ግን ዕቃው ሳይጫን በፊት ለአይኤስኤፉ የሚሆን ሌላ ቦንድ ያስፈልጋል። መጠኑም በተለምዶ 10,000 ዶላር ነው። ስለዚህ በባሕር ለሚያስመጣ ሰው «የአንድ ጊዜው ርካሽ ነው» የሚለው ሒሳብ ብዙ ጊዜ ሁለተኛውን ቦንድ የረሳ ሒሳብ ነው።

አንድ ጊዜ እኔው የደረሰብኝን ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ጭነቱን ለሚያመጣ ሰው የአንድ ጊዜ ቦንድ አዘጋጀሁ። «ዕቃው ሲደርስ እናቀርበዋለን» ብዬ ዶሴውን ዘጋሁ። ሐሙስ ማታ ላኪው «ነገ ይጫናል» ብሎ ጻፈ። አርብ ጠዋት መልእክቱን ሳየው እግሬ ከዳኝ። አይኤስኤፉ አልተላከም፤ ለእሱ የሚሆን ቦንድም አልተገዛም። ላኪውን ለምነን ኮንቴይነሩ ለሚቀጥለው መርከብ ቀረ። ሰውየው ቅጣት አልደረሰበትም፤ ቀናት ግን አጣ፣ ለማስቀመጫም ከፈለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማንኛውም ዶሴ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቀይ የምጽፈው የሚጫንበትን ቀን ነው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

በአውሮፕላን የሚመጣ ዕቃ ይህ አይኤስኤፍ የለበትም።

6ኛ. ማመልከቻውን አስገቡ

ቦንዱን የሚጽፈው በገንዘብ ሚኒስቴሩ፣ ማለትም በትሬዠሪ፣ የተፈቀደለት የዋስትና ኩባንያ መሆን አለበት። ትሬዠሪ የተፈቀደላቸውን ኩባንያዎች ሰርኩላር 570 በሚባል ዝርዝር ያወጣል። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው። አብዛኛው ሰው በብሮከሩ በኩል ይገዛል፤ ክፋት የለውም። የዋስትና ኩባንያውን ስም ግን ጠይቃችሁ ዝርዝሩ ላይ ፈልጉት።

የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ብዙ አይደለም። የግብር መለያ ቁጥር፣ ማለትም ኢአይኤን ይኑራችሁ። በግላችሁ የምታስገቡ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይሆናል። አስመጪነታችሁን የሚያስመዘግበው ቅጽ 5106 ነው። ብሮከሩ እንዲሠራላችሁ የውክልና ሥልጣን ትሰጡታላችሁ። የቦንዱ ቅጽ ራሱ 301 ይባላል። ዛሬ ቦንዱ ወደ ሲቢፒ የሚላከው በኤሌክትሮኒክ ነው። ቅጹ ላይ የሥራ ዓይነት ቁጥር አለ፤ ለተራ አስመጪ ቁጥሩ 1 ነው። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ለምን እንደሆነ ጠይቁ። 2 ለምሳሌ የጉምሩክ መጋዘን ለሚይዙ ነው፣ 3 ለዓለም አቀፍ አጓጓዦች ነው።

ስማችሁን በደንብ አዛምዱ። ይህ ቀላል ይመስላል። ኢአይኤን በተሰጠበት ደብዳቤ ላይ «ኤልኤልሲ» የሚል ካለ በ5106ም፣ በቦንዱም፣ በውክልናውም ላይ «ኤልኤልሲ» ይኑር። አንዱ ላይ «እና ቤተሰቡ» የሚል ኖሮ ሌላው ላይ ከቀረ ሥርዓቱ ሁለት ሰው ያደርጋችኋል፤ ቦንዱም ተመልሶ ይመጣል። አራቱን ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጡና በጣታችሁ እየተከተላችሁ ፊደል በፊደል አንብቡ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከዚህ ሌላ ዋሱ የካሳ ስምምነት ያስፈርማችኋል። «የከፈልኩትን ትመልሱልኛላችሁ» የሚለው ቃል ያለው እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ በኩባንያው ስም ብቻ ሳይሆን በግላችሁም እንድትፈርሙ ይጠይቃል። በግል ከፈረማችሁ ኩባንያው ቢዘጋ እንኳ ዕዳው ወደ ቤታችሁ ይመጣል። ካልገባችሁ ለጠበቃ አሳዩት። ሌላውን ሁሉ ችላ ብትሉ ይህችን ወረቀት ሳታነቡ አትፈርሙ።

ዋሱ የሒሳብ መግለጫ ወይም መያዣ ሊጠይቅም ይችላል። አዲስ ኩባንያ፣ ትልቅ መጠን ወይም የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥ ያለበት ዕቃ ሲሆን ይበዛል። መያዣው ጥሬ ገንዘብ ወይም የባንክ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሊሆን ይችላል። ዕቃው ተሽጦ ካለቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ እንደሚያዝ አስባችሁ ሒሳባችሁ ውስጥ አስገቡት።

7ኛ. ዕቃው ከወጣ በኋላ

ዕቃው ከወደብ ሲወጣ ብዙዎች ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። የቀረውን ልንገራችሁ።

የመጨረሻው ሰነድና የተገመተው ቀረጥ ዕቃው በተለቀቀ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ይገባሉ። ቀረጡን ለብሮከሩ ከፈላችሁ እንበል፤ እሱ ለጉምሩክ ባይከፍልስ? ዕዳው ከእናንተ ላይ አይወርድም። ይህን ሕጉ በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ ከራሳችሁ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ለሲቢፒ የሚከፈልበትን መንገድ ምረጡ። ብሮከራችሁ ታማኝ ቢሆንም ይህ ለሁለታችሁም ይሻላል።

ከዚያ ጉምሩክ ዶሴውን መርምሮ ሒሳቡን ይዘጋል፤ ሊኩዊዴሽን ይሉታል። ብዙ ጊዜ ዕቃው ከገባ ከ314 ቀን ገደማ በኋላ ነው። እስከዚያ ድረስ የታሪፍ ቁጥሩ ተሳስቷል ተብሎ ተጨማሪ ቀረጥ ሊመጣ ይችላል። ቅር ካላችሁ ከተዘጋበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን የተቃውሞ ጊዜ አላችሁ። ሰነዶቻችሁን ደግሞ አምስት ዓመት አስቀምጡ።

ምግብ የምታስመጡ ይህን ልብ በሉ። ኤፍዲኤ ምርመራውን ሳይጨርስ ዕቃው በቅድመ ሁኔታ ተለቆ ወደ መጋዘናችሁ ሊመጣ ይችላል። ያኔ አትሽጡት፣ አትከፋፍሉት፤ ውጤቱን ጠብቁ። ዕቃው ከተከለከለ ሲቢፒ በ30 ቀን ውስጥ እንድትመልሱ ያዝዛል። ሸጣችሁት ከሆነ የምትመልሱት የለም። በቦንዱ መሠረት የሚጠየቀው ካሳ እስከ ዕቃው ዋጋ ሦስት እጥፍ ሊደርስ ይችላል። የአንድ ጊዜው ቦንድ ለምግብ ሦስት እጥፍ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው።

8ኛ. ቦንዱ እንዳያንሳችሁ ተከታተሉ

ቀጣይ ቦንድ ገዝቶ መርሳት ይቀላል። ሲቢፒ ግን አይረሳም፤ የከፈላችሁትን እየደመረ ቦንዱ በቂ መሆኑን ያያል።

ሰው የሚያዳልጠው ታሪፍ ሲጨምር ነው። በዓመት 3,000,000 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ በ5 በመቶ ቀረጥ የሚያስገባ ነጋዴ 150,000 ይከፍላል። ዝቅተኛው ቦንድ ይበቃዋል። በዚያው ዕቃ ላይ 25 በመቶ ቢጨመርበትስ? በ2018 በብዙ የቻይና ዕቃ ላይ የሆነው ይኸው ነበር። አሁን በዓመት 900,000 ይከፍላል፤ 90,000 ዶላር ቦንድ ያስፈልገዋል። አንድ ካርቶን እንኳ ሳይጨምር ቦንዱ አነሰው። ከ2025 ወዲህ ደግሞ ታሪፉ ደጋግሞ ተቀያይሯል።

ቦንዱ ካነሰ ደብዳቤ ይመጣል። በተሰጠው ቀን ውስጥ ካላስተካከላችሁ ቦንዱ ዋጋ ያጣል፤ ቀጣዩ ኮንቴይነርም ወደብ ላይ ይቆማል። ማስተካከል ማለት ደግሞ ቁጥሩን ሰርዞ መጻፍ አይደለም። አሮጌው ይቋረጣል፣ አዲስ ይገባል። ሁለት ቀጣይ የአስመጪ ቦንድ በአንድ ስም በአንድ ጊዜ ስለማይሠራ ቀኖቹ በደንብ መገጣጠም አለባቸው። በመካከል ክፍተት እንዳይኖር ብሮከራችሁን ደጋግማችሁ ጠይቁ። «ኤስ» በሚባለው የጉምሩክ የኦንላይን ሥርዓት ላይ በነፃ መመዝገብ ትችላላችሁ። በየሦስት ወሩ የከፈላችሁትን ድምር እዚያ ተመልከቱ። ድምሩ ወደ ቦንዳችሁ አሥር እጥፍ እየቀረበ ከሆነ ደብዳቤውን አትጠብቁ።

ሌላ መንገድ ያለው መቼ ነው?

ዕቃው ለኤግዚቢሽን ወይም ለሙከራ መጥቶ ተመልሶ የሚወጣ ከሆነ ቀረጥ ከመክፈል ይልቅ በጊዜያዊ ማስገቢያ ቦንድ ማስገባት ይቻላል። አብዛኛውን ጊዜ መጠኑ ሊከፈል ይችል ከነበረው ቀረጥና ክፍያ እጥፍ ነው። ጊዜው አንድ ዓመት ሲሆን በማራዘሚያ እስከ ሦስት ዓመት ይደርሳል። ዕቃው በጊዜው መውጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከጠፋባችሁ ቦንዱ ይጠየቃል። ስለዚህ ሲወጣ ሰነዱን ሳታስመሰክሩ አትላኩት።

ዋስ ለማግኘት ለሚቸገር ደግሞ በቦንዱ ልክ ጥሬ ገንዘብ ለሲቢፒ የማስያዝ መንገድ አለ። ብዙ ሰው አይመርጠውም፤ ገንዘቡ ታስሮ ይቆያልና።

ስታቆሙ

ቀጣይ ቦንድ በራሱ ይታደሳል ብያለሁ። ማስመጣት ካቆማችሁ ቦንዱን በጽሑፍ አቋርጡ። ዝም ካላችሁ የሚቀጥለው ዓመት ፕሪሚየም ይመጣል። ማቋረጡ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ብቻ ነው የሚዘጋው። ከዚያ በፊት የገቡት ጭነቶች ሒሳባቸው እስኪዘጋ ድረስ ዋሱም እናንተም በቦታችሁ ናችሁ። ስለዚህ የኩባንያውን የባንክ ሒሳብና የፖስታ አድራሻ ወዲያው አትዝጉ። አድራሻ ከቀየራችሁ 5106ን አድሱ። የጉምሩክ ደብዳቤ ወደ አሮጌው ቤት ሄዶ ቢቀር እንኳ ቀኑ መቆጠሩን አያቆምም።